የተራራ ከተማ ሙዚየሞችና የታሪክ ባለቤትነት ጥያቄ

የሰው ልጅ ኑሮውን ለማሻሻል የሠራው ነገር ሁሉ የጉልበቱና የአእምሮው ውጤት ነው። ነገር ግን ሥራው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የሠሪው ስም አብሮት የሚሻገረው ከስንት አንዴ ነው። ቤተ መንግሥት በንጉሡ፣ ድልድይ መርቆ በከፈተው ባለሥልጣን፣ ሆስፒታል ገንዘብ በለገሰው ባለጸጋ ስም ይጠራል። ድንጋዩን የጠረበው፣ ሣንቃውን የላገው፣ ጭቃውን ያቦካው ሰው ግን «ሕዝቡ» በሚል አንድ ቃል ተጠቃልሎ ይቀራል። ሙዚየም ይህን የቆየ ልማድ ሊያጸናውም ሊያርመውም የሚችል ተቋም ነው። በመሆኑም ሠራተኛውም ሆነ የቀበሌው ነዋሪ ወደ ሙዚየም ሲገባ የዕቃውን ማማር ብቻ አድንቆ ቢወጣ ጉብኝቱ ጎደሎ ይሆናል። ይህን ማን ሠራው? ማን ተገለገለበት? ማን ሰበሰበው? ለምን ዓላማስ እዚህ ቆመ? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚወጣው በተራራ መዝናኛ ከተሞች ነው። ምክንያቱም በእነዚህ ከተሞች ሁለት ዓይነት ሕዝብ ጎን ለጎን ይኖራል። አንደኛው ለዕረፍት፣ ለጤናና ለንጹሕ አየር የሚመጣው እንግዳ ሲሆን ሁለተኛው እንግዳው በሚያርፍበት ሰዓት የሚሠራው ባላገር ነው። የአካባቢውን ታሪክ የሚጽፈው፣ ዕቃውን የሚሰበስበውና ሙዚየሙን የሚያቋቁመው አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን የወደደው እንግዳ ይሆናል። የባላገሩ ኑሮ በእንግዳው ዐይን ታይቶ፣ በእንግዳው ብዕር ተጽፎ፣ ተመልሶ ለባላገሩ ልጅ ይቀርባል። በዚህ ሂደት ውስጥ ብዙ ነገር ይድናል፤ ብዙ ነገርም ይደበቃል። በደቡብ ፖላንድ በታትራ ተራሮች ግርጌ የምትገኘው የዛኮፓኔ ከተማ ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ከብረት ማቅለጫ ወደ አየር ገበያ

ዛኮፓኔ የምትገኝበት ምድር ፖድሃሌ ይባላል። ነዋሪዎቹ ጎራሎች ይባላሉ፤ የስሙም ሥር በፖላንድኛ ተራራ ማለት ነው። አፈሩ ስስ፣ ክረምቱ ረጅም በመሆኑ የጎራሎች መተዳደሪያ በግ ማርባት፣ አጃና ድንች መዝራት፣ ደን መቁረጥ ነበር። አገሩ ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ አንሥቶ እስከ 1918 ድረስ ጋሊሲያ በሚል ስም በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር የቆየ ሲሆን ገበሬው ለባለ መሬቱ በግዳጅ የሚያገለግልበት ሥርዓት በሕግ የተሻረው በ1848 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በነበሩት ዓመታት ጋሊሲያን ከባድ ረሃብ መትቷታል።

ዛሬ ወደ ዛኮፓኔ የሚመጣ ጎብኚ ኩዝኒትሴ ወደሚባለው ሸለቆ ሄዶ ካስፕሮቪ ወደተባለው 1,987 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ በብረት ገመድ በሚጓዝ ሠረገላ ለመውጣት ይሰለፋል። ከተሰላፊዎቹ መካከል ኩዝኒትሴ ማለት የብረት መቀጥቀጫ ሥፍራ ማለት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ በዚህ ሸለቆ የነበረው የብረት ፋብሪካ በጋሊሲያ ከሁሉ የሚበልጥ ነበር። ማዕድኑ ከታትራ ሆድ በሰው ክንድ ተቆፍሮ፣ በጋሪ ተጭኖ ይወርድ ነበር። ማቅለጫው የሚነደው በከሰል ስለነበረ ለከሰሉ ሲባል የተራራው ደን በሰፊው ተጨፈጨፈ። ማዕድኑ ጥራት ያነሰው ሆኖ ከሌላ አገር ብረት ጋር መወዳደር ሲያቅተው ፋብሪካው በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ እየተዳከመ ሄዶ ተዘጋ። ቆፋሪው፣ ከሳዩና ጋሪ ነጂው ሥራ ፈቱ።

ከዚያ በኋላ ተራራው ራሱ ሸቀጥ ሆነ። በዚያ ዘመን ለሳንባ ነቀርሳ ፍቱን መድኃኒት ስላልተገኘ ሐኪሞች ሕሙማንን ወደ ተራራ አየር ይልኩ ነበር። ዛኮፓኔ በ1886 የአየር ሕክምና ጣቢያ ተብላ በይፋ ታወቀች። በ1899 የባቡር ሐዲድ ደረሰላት። ትናንት ብረት ሲያወጣ የነበረው ሕዝብ ልጆች ክፍል አከራይ፣ ሻንጣ ተሸካሚ፣ መንገድ መሪ፣ አናጢና ልብስ አጣቢ ሆኑ። ለማከራየት ክፍል፣ ለመሸጥ መሬት ያልነበረው ደግሞ አሜሪካ ተሻገረ፤ በቺካጎ ከተማ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ የጎራል ተወላጆች የሚኖሩበትም ምክንያት ይኸው ነው። የከተማይቱን ሙዚየሞች በትክክል ማንበብ የሚቻለው ይህን የኑሮ ለውጥ በአእምሮ ይዞ ሲገቡ ነው።

ከሐውልቱ ግርጌ የተቀመጠው ሰው

ከሙዚየሞቹ በፊት አንድ ሐውልት መመልከት ይጠቅማል። በ1903 የተመረቀው ይህ ሐውልት የሁለት ሰዎች መታሰቢያ ነው። ከላይ የዋርሶው ሐኪም የቲቱስ ሃውቢንስኪ ምስል ቆሟል። ከሥር፣ ከእግረ ሐውልቱ ግርጌ፣ ያን ክሼፕቶፍስኪ የተባለ፣ በቅጽል ስሙ ሳባዋ እየተባለ የሚታወቅ ጎራል ተቀምጧል። ንድፉን ያወጣው ሠዓሊውና ደራሲው ስታኒስዋፍ ቪትኪየቪች ነው።

የሐኪሙን ውለታ መካድ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ሃውቢንስኪ በ1873 ኮሌራ ዛኮፓኔን ሲያጠቃ ከታመመው ሕዝብ መካከል ገብቶ ያከመ፣ ንጽሕናን ያስተማረና ብዙ ሰው ያዳነ ሰው ነው። የታትራን ተራሮች ለፖላንድ ምሁራን ያስተዋወቀውም በከፊል እርሱ ነው። ይሁንና ሃውቢንስኪ ወደ ተራራው ሲወጣ ብቻውን አልወጣም። መንገድ መሪዎች፣ ስንቅ ተሸካሚዎችና ሙዚቀኞች ያሉበት ረጅም ጓዝ ይከተለው ነበር። ድንጋዩን የሚያውቀው፣ ደመናው የሚያመጣውን የሚለየው፣ ማደሪያውን የሚመርጠው ጎራሉ ነው። ሳባዋም ከ1809 እስከ 1894 የኖረ አዳኝ፣ መንገድ መሪ፣ መሰንቆ መሰል መሣሪያ የሚጫወትና ተረት የሚያወራ ሽማግሌ ነበር። ከተረቶቹ አንዱን ደራሲው ሄንሪክ ሼንኬቪች ጽፎ በሳባዋ ስም አሳትሞታል። ሼንኬቪች በ1905 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው።

እንግዲህ ሐውልቱ ያለ ሐሰት አንድ እውነት ይናገራል፤ ሁለቱ ሰዎች ወዳጆች ነበሩ። ነገር ግን አቀማመጡ ሌላም እውነት ይናገራል። በተራራው ላይ መሪ የነበረው ሰው በከተማው አደባባይ ከተመሪው እግር ሥር ተቀመጠ። ይህን ያደረገው ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው አይደለም። ቪትኪየቪች ጎራሎችን ከልቡ የሚወድ ሰው ነበር። ሐውልቱን በዚህ ሁኔታ ያቆመው የኅብረተሰቡ አደረጃጀት ነው፤ እንግዳው ከላይ፣ ባላገሩ ከታች መሆኑ ለዘመኑ ሰዎች እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚታይ ነገር ነበርና።

የመንገድ መሪዎቹ ሙያ ምን እንደነበረ የሚያስረዳ ሌላ ታሪክ አለ። በ1909 በታትራ የተራራ አደጋ አዳኝ ጓድ ተቋቋመ። ከአባላቱ አንዱ ክሊሜክ ባህሌዳ የተባለ፣ በድህነት ያደገ አዛውንት መሪ ነበር። ኦገስት 1910 አንድ ወጣት ተራራ ወጪ ከገደል ላይ ተጎድቶ በቀረ ጊዜ ዝናብና ብርድ በርትቶ የጓዱ አለቃ ሁሉም እንዲመለሱ አዘዘ። ባህሌዳ ግን ትእዛዙን አልፎ ብቻውን ወደ ገደሉ ወጣ፤ በዚያውም ሞተ። ወጣቱም አልዳነም። የባህሌዳ መቃብር ዛሬ ከከተማይቱ ታላላቅ ሰዎች መቃብር ጋር በአንድ ግቢ ይገኛል። እዚያ ግቢ ውስጥ ማንም ከማንም እግር ሥር አልተቀመጠም።

ጥቁሩ ክፍልና ነጩ ክፍል

ክሩፑፍኪ በተባለው የከተማይቱ ዋና መንገድ ላይ የሚገኘው የታትራ ሙዚየም በሃውቢንስኪ ስም ይጠራል። የሙዚየሙ ማኅበር የተቋቋመው በ1888 ሲሆን ከመሥራቾቹ መካከል ብዙዎቹ ከዋርሶና ከክራኮው የሚመጡ ምሁራን ነበሩ። የአሁኑ የድንጋይና የጡብ ሕንጻ በቪትኪየቪችና በአርክቴክቱ ፍራንቺሼክ ሞንቺንስኪ ንድፍ በ1913 ተጀምሮ አንደኛው የዓለም ጦርነት ካዘገየው በኋላ በ1922 ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ ዓመት አንሥቶ እስከ 1965 ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ሙዚየሙን የመራው ዩሊዩሽ ዝቦሮፍስኪ የተባለ የቋንቋና የባሕል ተመራማሪ ነው።

የሙዚየሙን የባሕል ክምችት ለመረዳት የጎራልን ቤት አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ቤቱ ከግንድ የሚሠራ ሲሆን በመካከል መግቢያ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንዱ ጥቁሩ ክፍል ይባላል። በጥንቱ ቤት ጭስ መውጫ ስላልነበረ ምድጃው የሚነድበት ክፍል ግንዱና ጣሪያው በጥላሸት ይጠቁር ነበር። ቤተሰቡ የሚበላው፣ የሚተኛው፣ የሚፈትለው፣ ሕፃን የሚወለደውና ሽማግሌ የሚሞተው እዚህ ነው። ሌላው ነጩ ክፍል ይባላል። ምድጃ ስለማይነድበት እንጨቱ ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ የክት ልብስ፣ በመስተዋት ላይ የተሳሉ የቅዱሳን ሥዕሎችና የሠርግ ሣጥን የሚቀመጡት፣ የተከበረ እንግዳም የሚስተናገደው በዚህ ነው። በጭስ የጠቆረ ጎጆ ውስጥ ያደገ የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የሙዚየም ጎብኚ ግን ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። እንግዳ ሰብሳቢ በተፈጥሮው የሚሳበው ወደ ነጩ ክፍል ነው። በቀለም የተጠለፈው ነጭ የሱፍ ሱሪ፣ ሰፊው የቆዳ ቀበቶ፣ የናስ ማያያዣው፣ የተቀባው መስተዋት ዐይን ይማርካሉ። የጥቁሩ ክፍል ዕቃ ግን የማማሩን ያህል ስለ ሥራም ይናገራል። እረኛ አሬራ የሚጠጣበትን የእንጨት ጭልፋ እንመልከት። ጆሮው በአውሬ ወይም በአበባ መልክ ተቀርጿል። ይህን የቀረጸው ሰው የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ቤት አልገባም፤ በበጋ ወራት ከበጎቹ ጋር በተራራ ላይ ሲሰነብት በካራ የቀረጸው ነው። የአይብ ማውጫ ቅርጹም እንደዚሁ ነው። ከበግ ወተት ተሠርቶ በጭስ የሚደርቀው አይብ ኦስሲፔክ ይባላል። በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን በሕግ ጥበቃ ሥር አድርጎታል። የአይቡ ስም በሕግ ሲጠበቅ ቅርጹን የፈለሰፉት እረኞች ስም ግን አልተመዘገበም። ይህን ጉድለት የሚሞላው ሠርቶ የሚያውቅ ጎብኚ ነው። አናጢ ግንዱ ከግንዱ ጋር ያለ ምስማር እንዴት እንደተጋጠመ ያያል፤ ሸማኔ ሱፉን በጣቱ ባይነካውም በዐይኑ ይለካዋል። ለእነርሱ ሙዚየሙ ከሙያ ወንድሞቻቸው ጋር የሚገናኙበት ቤት ነው።

«የእረኛ ጎጆ» የተባለው የባለጸጋ ቤት

ከ1892 እስከ 1893 ዚግሙንት ግናቶፍስኪ የተባለ ከዩክሬን የመጣ ባለ ርስት ለራሱ በዛኮፓኔ ቤት አሠራ። ንድፉን ያወጣለት ያው ቪትኪየቪች ሲሆን ቤቱም ኮሊባ ተባለ። ኮሊባ ማለት በተራራ ላይ ያለ የእረኛ ጎጆ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በከተማይቱ የነበረው የእንጨት ሥራ ትምህርት ቤት የቲሮልንና የስዊስን አሠራር ያስፋፋ ነበር። ቪትኪየቪች ይህን ተቃውሞ የአገሩ ባላገር ራሱ የሚኮራበት አሠራር እያለው ከውጭ መቅዳት አያስፈልግም ሲል ተከራከረ፤ የጎራልን ቤት መሠረት አድርጎም የዛኮፓኔ ስልት የተባለውን የሕንጻ አሠራር ፈጠረ። ኮሊባ የዚህ ስልት የመጀመሪያ ቤት ሲሆን ከ1993 ጀምሮ የዛኮፓኔ ስልት ሙዚየም ሆኗል።

የዚህ ቤት ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል፣ ነፃ መንግሥት ያልነበረው ሕዝብ የራሱን ጥበብ ከራሱ ባላገር እጅ ፈልጎ ማግኘቱ ታላቅ ተግባር ነው። የጎራል አናጢዎች ችሎታ ክብር አገኘ፤ ሥራም አገኙ። ግናቶፍስኪም የሰበሰበው የባላገር ዕቃ በመጨረሻ ለታትራ ሙዚየም ገባ። በሌላ በኩል ግን እረኛው በእውነተኛው ጎጆ ውስጥ በጭስ እየታፈነ ሲኖር ባለ ርስቱ ሰፊ ሳሎን ያለው ቤት «የእረኛ ጎጆ» ብሎ ሰየመ። ድህነቱ ቀርቶ ጌጡ ብቻ ተወሰደ። ጎብኚው በኮሊባ ውስጥ ሲዘዋወር ግድግዳው ላይ ያለውን የአናጢ እጅ ማድነቅ አለበት፤ አናጢው ማታ የት ገብቶ እንዳደረም መጠየቅ አለበት።

በሙዚቃም የሆነው ይኸው ነው። የሙዚቃ ደራሲው ካሮል ሺማኖፍስኪ ከ1930 እስከ 1935 አትማ በተባለ ቤት ይኖር ነበር፤ ቤቱ ከ1976 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ሺማኖፍስኪ ሃርናሼ የተባለውን የባሌ ሥራ ሲደርስ ከጎራል ዜማ ቀድቷል። ከወዳጆቹ መካከል ባርቶሽ ኦብሮህታ የተባለ ቫዮሊን ተጫዋችና መንገድ መሪ ነበረ። ኦብሮህታ በወጣትነቱ ከሃውቢንስኪ ጓዝ ጋር ተራራ የወጣ፣ በእርጅናው ለሺማኖፍስኪ የተጫወተ ሰው ነው። ሁለት ትውልድ እንግዶች ከአንድ ምንጭ ጠጡ። ሺማኖፍስኪ ከምንጩ መጠጣቱን አልሸሸገም፤ ሙዚየም ሊከተለው የሚገባው አርአያም ይኸው ነው።

ከሳካሊን የመጣው እስረኛና የፖሮኒኑ ቤት

በታትራ ሙዚየም ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ የሚገባው አንድ ሰው ብሮኒስዋፍ ፒውሱድስኪ ነው። በ1887 የሩስያውን ንጉሥ አሌክሳንደር 3ኛን ለመግደል በተጠነሰሰው ሴራ ተከሶ የሞት ፍርድ ከተፈረደበት በኋላ ፍርዱ ወደ 15 ዓመት የግዞት ሥራ ተለወጠለትና ወደ ሳካሊን ደሴት ተላከ። በዚያ ግዞት የአይኑንና የኒቭክን ሕዝቦች ቋንቋና ኑሮ እያጠና ከመካከላቸው ኖረ፤ ከአይኑ ወገን የሆነች ሚስትም አገባ። ወደ ዛኮፓኔ ከመጣ በኋላ በ1911 የታትራ ማኅበር የሕዝብ ባሕል ጥናት ክፍል ሲቋቋም መሪ ሆነ፤ ከመንደር መንደር እየዞረ ለሙዚየሙ ዕቃ ሰበሰበ። ይህ ሰው የተጠቁ ሕዝቦችን ያጠናው ራሱም ተጠቂና እስረኛ ሆኖ ነው። በዚህም ምክንያት ለባላገሩ ዕቃ የነበረው ግምት ከመዝናኛ ፍላጎት የመነጨ አልነበረም።

በዚያው የ1887 ሴራ ከተሰቀሉት መካከል አሌክሳንደር ኡልያኖቭ ይገኝበታል። የአሌክሳንደር ታናሽ ወንድም ቭላዲሚር፣ ማለትም ሌኒን፣ በ1913 እና በ1914 በጋ ከዛኮፓኔ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በፖሮኒን አካባቢ ኖሯል። የመጣበት አንዱ ምክንያት የባለቤቱ የናዴዥዳ ክሩፕስካያ ሕመም ነበር። ኦገስት 1914 ጦርነቱ ሲጀመር በስለላ ተጠርጥሮ በኖቪ ታርግ ታሰረ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ተለቆ ወደ ስዊስ ሄደ። በ1947 በፖሮኒን የሌኒን ሙዚየም ተከፈተ፤ በ1990 የፖላንድ ሥርዓት ሲለወጥ ተዘጋ፤ ሐውልቱም ተነሣ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለየትኛውም ወገን የሚሆን ነው። በአንድ ታላቅ እንግዳ ስም ብቻ የቆመ ሙዚየም ዕድሜው ስሙን ከሚጠብቀው ሥልጣን ዕድሜ አይበልጥም። ሥልጣኑ ሲወድቅ ቤቱ ይዘጋል። የእረኛው ጭልፋ ግን የኦስትሪያን ንጉሥ፣ ሁለት የዓለም ጦርነቶችንና የመንግሥት ለውጦችን ሁሉ አልፎ በስፍራው አለ። ሠርቶ አደሩ ባለቤት ያልሆነበት መታሰቢያ፣ በሠርቶ አደሩ ስም ቢሆን እንኳ፣ መሠረቱ አሸዋ ነው።

ልብስ መለያያ ሲሆን

የዛኮፓኔ ሙዚየሞች ከሚያነሡት ሁሉ እጅግ ከባድ የሆነው ጉዳይ የ1939 እስከ 1945 ዘመን ነው። ናዚዎች ፖላንድን ሲይዙ ጎራሎች ፖላንዳውያን አይደሉም፤ ከጀርመን ዘር የወጡ የተለዩ ሕዝብ ናቸው የሚል ሐሰት ፈጠሩ። በኖቬምበር 1939 የናዚው ገዢ ሃንስ ፍራንክ ወደ ዛኮፓኔ በመጣ ጊዜ በቫትስዋፍ ክሼፕቶፍስኪ የሚመሩ አድርባዮች ተቀበሉት። ጀርመኖች በክራኮው ያቋቋሙት የምርምር ተቋም ሠራተኞችም ወደ ተራራው መንደሮች እየወጡ የሰውን ራስ ለኩ፣ ፎቶግራፍ አነሡ፣ የፀጉር ናሙና ወሰዱ። በ1942 ጎራልነትን የሚያመለክት ልዩ መታወቂያ ወረቀት ሲታደል ከፖድሃሌ ሕዝብ የወሰደው ከመቶ 18 ገደማ ነው። ብዙኃኑ እምቢ አለ። ከጎራሎች የኤስ ኤስ ጦር ለመመልመል የተደረገውም ሙከራ ከሸፈ። ክሼፕቶፍስኪ በጃንዋሪ 1945 በፖላንድ አርበኞች ተሰቀለ።

በሃውቢንስኪ ስም በሚጠራው መንገድ ላይ ፓላስ የተባለ የእንግዳ ማረፊያ ነበረ። ጌስታፖ ይህን ቤት ዋና ጽሕፈት ቤቱ አደረገው፤ በምድር ቤቱም የተያዙ ሰዎች ይሠቃዩ ነበር። ዛሬ ቤቱ የታትራ ሙዚየም ቅርንጫፍ ነው። ትናንት እንግዳ ያረፈበት ክፍል ባላገር የተገረፈበት ክፍል ሆነ። ለሦስት ኦሊምፒክ ጨዋታዎች ፖላንድን ወክሎ የተወዳደረው የዛኮፓኔ ልጅ፣ የበረዶ ሸርተቴ ሯጩ ብሮኒስዋፍ ቼክ፣ በ1940 ተይዞ ወደ አውሽቪትስ ተላከና በ1944 በዚያው ሞተ። በተራራው በኩል መልእክት ታመላልስ የነበረችው የሸርተቴ ሻምፒዮን ሄሌና ማሩሳዥ በ1941 ተረሸነች።

ሙዚየም ገራገር ተቋም አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ነጩ የሱፍ ሱሪና የተጠለፈው ሰደርያ በኮሊባ የጥበብ ምስክር ሆነው ቆመዋል። ያው ልብስ በናዚ እጅ ሕዝብን ከሕዝብ የመለያ መሣሪያ ሊሆን ተሞከረ። ዕቃው አንድ ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ይህን ልብስ የሠራው ሰው እንዴት ኖረ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሥራን ክብር ያገኛል። ይህን ልብስ የሚለብሰው ከየትኛው ዘር ነው? ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ግን በመጨረሻ የሚደርሰው ፓላስ ምድር ቤት ነው። የብሔረሰብን ባሕል ማክበርና ባሕልን ለመለያየት መጠቀም በሩቅ ሲታዩ የሚመሳሰሉ፣ በውጤታቸው ግን ፍጹም ተቃራኒ የሆኑ ነገሮች ናቸው። የጎራል ብዙኃን ያን ወረቀት እምቢ ያሉት ባሕላቸውን ንቀው አይደለም፤ ባሕላቸውን ለገዢ አንሸጥም ብለው ነው።

ሆሆውፍ፦ ሙዚየሙ በባለቤቶቹ ደጅ

ጉብኝቱን በሆሆውፍ መንደር መፈጸም ተገቢ ነው። ይህ ከዛኮፓኔ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ መንደር በመንገዱ ግራና ቀኝ በተሰለፉ የግንድ ቤቶቹ ይታወቃል። ነዋሪዎቹ በየዓመቱ የቤታቸውን ግንድ በውኃና በሳሙና እየፈተጉ ስለሚያጥቡት እንጨቱ እንደ አዲስ ነጭ ሆኖ ይኖራል። በፌብሩዋሪ 1846 የዚህ መንደር ገበሬዎች በመንደሩ አስተማሪ በያን ካንቲ አንድሩሲኬቪች እየተመሩ በኦስትሪያ አገዛዝ ላይ ተነሡ። አመጹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመታ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። በዚያው ሰሞን በምዕራብ ጋሊሲያ ገበሬዎች በመኳንንቱ ላይ ተነሥተው የብዙ ሰው ደም ፈሰሰ። ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1848፣ የገባርነት ሥርዓት ተሻረ። የሆሆውፍ አመጽ ሙዚየም ከ1978 ጀምሮ በመንደሩ ውስጥ በአንድ የግንድ ቤት ይገኛል።

ይህ ሙዚየም ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር በመጠን ትልቅነቱ አይደለም። ታሪኩን የሠራው፣ ቤቱን ያቆመውና ዛሬ በጎረቤት የሚኖረው ሕዝብ አንድ መሆኑ ነው። ጎብኚው ከሙዚየሙ ሲወጣ የሙዚየሙን ቤት የሚመስል ቤት፣ ልጅ የሚያለቅስበትና ወጥ የሚሸትበት ሆኖ፣ ከፊቱ ያገኘዋል። እዚህ ባላገሩ ከሐውልት ግርጌ አልተቀመጠም፤ በራሱ ደጅ ቆሟል።

የየሠፈሩና የየፋብሪካው ድርሻ

ከዚህ ሁሉ ሠራተኛውና የቀበሌው ነዋሪ የሚወስደው ተግባራዊ ትምህርት አለ። የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም ለመጀመር ትልቅ ሕንጻና የውጭ ምሁር መጠበቅ አያሻም። የዕድር መዝገብ፣ የአሮጌ ሸማኔ መወርወሪያ፣ ከአገልግሎት የወጣ የፋብሪካ መሣሪያ፣ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ፎቶግራፍ፣ እናቶች ውኃ የቀዱበት እንስራ የታሪክ ማስረጃዎች ናቸው። ነገር ግን ዕቃው ብቻውን አይበቃም። ዕቃው ሲሰበሰብ የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ዘመን፣ የተከፈለው ዋጋና የተገለገለበት ሰው አብረው መመዝገብ አለባቸው። ሽማግሌው ሲሞት ስሙ አብሮት ይቀበራል፤ ከተቀበረ በኋላ ቆፍሮ የሚያወጣው ሙዚየም የለም።

ሁለተኛው ተግባር ጎብኚ የመሆን ተግባር ነው። ሙዚየም የሠራተኛ ቤት እንዲሆን ሠራተኛው መግባት አለበት፤ ከገባም በኋላ መጠየቅ አለበት። ማን ሠራው? የሚለው ጥያቄ የሥራን ክብር ያስመልሳል። ማን ሰበሰበው? የሚለው ጥያቄ የእንግዳውን ዐይን ከባላገሩ ዐይን ይለያል። ምን ቀርቷል? የሚለው ጥያቄ ጥቁሩን ክፍል ይከፍታል። ለማን ያገለግላል? የሚለው ጥያቄ ደግሞ ባሕልን ከሚሸጡትና ሕዝብን ከሚለያዩት እጅ ይጠብቃል።

ዛኮፓኔን የሠሯት በስማቸው መንገድና ሙዚየም የተሰየመላቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም። ካስፕሮቪ ተራራ ላይ የሚወጣው የገመድ ሠረገላ ከ1935 እስከ 1936 በ227 ቀናት ሥራው ሲጠናቀቅ፣ በክረምት በረዶ ውስጥ ብረትና ሲሚንቶ ወደ ላይ ያደረሱ ሠራተኞች ነበሩ። ጎብኚው ዛሬ በጥቂት ደቂቃ የሚወጣውን ያን ቁልቁለት እነርሱ በእግራቸው ወጥተውታል። ተራራውን ለእንግዳው የከፈተው የእነዚህ ሠራተኞችና ከእነርሱ በፊት መንገድ የመሩት የጎራሎች እግር ነው፤ የታሪክ ባለቤትነታቸው የሚረጋገጠውም ስማቸው ከሥራቸው ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ነው።